በዓይን አውቀዋለሁ

ዋና ሳጅን ውባንቺ ሶማሌ ተራን የምታውቀው እንደ ገዛ ጓዳዋ ነበር። የቱ ነጋዴ ከየቱ ጎረቤቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ የማን ሱቅ ሊዘጋ እንደተቃረበ ማንንም ሳትጠይቅ ከሰላምታው ትለየዋለች። ሥራዋም ይኸው ነበር። የፖሊስ መምሪያው ጣቢያዎቹን ያዛል፤ በየጣቢያው ደግሞ ቀን ከሌት እየዞሩ ወንጀል የሚከላከሉ አሉ፣ ፋይል ላይ አቀርቅረው የሚመረምሩ አሉ። የእሷ ክፍል ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ይባላል። አንድ ቀጠና ይሰጥሃል፤ አንተ ቀጠናውን ታውቀዋለህ፣ ቀጠናውም አንተን ያውቅሃል። ከሌላው ፖሊስ የሚለይህ ሰው ማወቅህ ነው።

ቢሮዋ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ጥግ የቆመች አሮጌ ኮንቴይነር ነበረች። ነጋዴዎቹ ናቸው መስኮት አስቀድደው፣ ቀለም አስቀብተው፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ያስገቡላት። ባለጋሪ ከባለሱቅ ሲጋጭ፣ ተከራይ ካከራይ ሲወዛገብ መጀመሪያ የሚመጣው ወደዚያች ኮንቴይነር ነው። ውባንቺ ግራ ቀኙን ሰምታ፣ ሽማግሌ ጠርታ፣ ሲብስባትም ሁለቱንም ተቆጥታ ታስታርቃለች። ከአሥሩ ጠብ ስምንቱ ጣቢያ ሳይደርስ እዚያው ይበርድ ነበር።

ጥጋቡን ያወቀችውም እዚያው ሥራዋ ላይ ሳለች ነው። ጥጋቡ ከደጀን በታች ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በሶማሌ ተራ ጫኝና አውራጅ ማህበር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የተሸከመ ሰው ነበር። አንድ የኢድ ዋዜማ፣ ገበያው የመርፌ መጣያ ባልነበረው ቀን፣ አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን ከእናቷ እጅ ጠፋች። ውባንቺ ልጅቷን አግኝታ አቀፈቻት፤ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እናቲቱን ከወዴት ታምጣት? ጥጋቡ የተሸከመውን ቦንዳ ወርውሮ ቀረበና «ስጡኝ እትዬ፣ ከላይ ስትሆን ትታያለች» ብሎ ሕፃኗን ትከሻው ላይ አስቀመጣት። አንድ ሰዓት ሙሉ ከተራ ተራ ይዟት ዞረ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ከሩቅ እሪ እያለች መጣችና ከትከሻው ላይ ነጥቃ አወረደቻት። ጥጋቡ ምስጋናውን እንኳ ቆሞ አልሰማም፤ ወደ ጣለው ቦንዳ ሮጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በኮንቴይነሯ ደጅ «እንዴት አደሩ እትዬ ውባንቺ» ሳይል አያልፍም። እሷም ስለ ወገቡ ሕመም፣ ደጀን ስላሉት እናቱ ትጠይቀዋለች። እናቱ ለፋሲካ የላኩትን ድርቆሽ ከፍሎ አምጥቶላት ያውቃል። ከነጋዴው ወገን ደግሞ ስለ ጥጋቡ እጅ ክፉ የተናገረ ሰው ሰምታ አታውቅም። ቁልፍ የሚሰጡት እንኳ ነበሩ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ጥጋቡ ያለወትሮው ወደ ኮንቴይነሩ ውስጥ ዘለቀ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

«እትዬ ውባንቺ፣ እናቴ በጣም ታማለች ብለው ደወሉልኝ። ነገ በጠዋቱ መኪና እሄዳለሁ። ድንገት ስጠፋ እንዳይሰጉ ብዬ ነው።»

«ምን ሆኑ?»

«እህል መቅመስ ካቆመች ሳምንቷ ነው አሉኝ። ጥጋቡን ጥሩልኝ ትላለች አሉ።»

«በል ሂድ፣ እግዜር በሰላም ያገናኝህ። ምሕረቱን ያምጣላቸው» አለችው። ወደ አውቶቡስ ተራ ትኬት ሊቆርጥ ሲሄድ ከጀርባው አየችው፤ እየሮጠ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያው ዕለት ማምሻውን ሐጂ ጀማለዲን ሁለት ቦንዳ የመጋረጃ ጨርቅ ጠፋባቸው። ሐጂ የታወቁ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ የቀጠናው ነጋዴዎች ከፖሊስ ጋር የሚመክሩበት ምክር ቤት ሰብሳቢም እሳቸው ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ዕቃው ከበራፋቸው ላይ ነው የጠፋው፤ በዚያ ከሰዓት ከበራፋቸው ዕቃ ሲያነሳ የዋለው ደግሞ ጥጋቡ ነው። ሲጠይቁ «ሥራ ሳያልቅ ወጣ፣ አገሩ ሊሄድ ትኬት ሲቆርጥ አይተነዋል» ተባሉ። ለጣቢያው ደወሉ። ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ በር ሊዘጋ ሲል፣ ሁለት ፖሊሶች ወጥተው ጥጋቡን ከመቀመጫው አስነሱት። ዕቃው ቢፈተሽ አንድ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ነጠላ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ሽሮፕ ተገኘ። ቦንዳ የለም። ቢሆንም ሊያመልጥ ሲል የተያዘ ሰው ተብሎ ተመዘገበ።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ውባንቺ ወደ ጣቢያው ተጠራች። የጠራት መርማሪው ኢንስፔክተር ኃይለልዑል ነው። ወጣት ነው፤ በጠረጴዛው ላይ የፋይል ቁልል ፊቱን ሊጋርደው ደርሷል። ቀና ብሎ አያትና ወንበር አሳያት።

«ሳጅን፣ ይሄ ጥጋቡ የሚሉት ሰው ከአንቺ ቀጠና ነው። እናቴ ታማብኝ ልሄድ ስል ነው ይላል። ሁሉም እናቴ ታማ ነው የሚለው፤ ምኑን አውቃለሁ? አንቺ ግን ሰዎችሽን ታውቂያለሽ። ለዚህ አይደል እዚያ የተቀመጥሽው? ደህና ሰው ነው፣ አይጠፋም ካልሽኝ የማህበሩን ሰብሳቢ ዋስ አስጠርቼ አሁን አሰናብተዋለሁ።»

ውባንቺ አፏን ከፈተች። የሚባለው ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ራሱ መጥቶ ነገረኝ፣ የሚሰርቅ ሰው ለፖሊስ ተሰናብቶ አይሄድም፣ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል?

ነገር ግን በዚያችው ቅጽበት ያለፈው ዓመት ግምገማ ትዝ አላት። ያን ጊዜ አንድ የሕንፃ ጥበቃ በስርቆት ሲጠረጠር «አውቀዋለሁ፣ ንጹሕ ሰው ነው» ብላ ተከራክራለት ነበር። ሰውየው ተለቀቀ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ሌላ መጋዘን ሲሰብር እጅ ከፍንጅ ተያዘ። የጣቢያው አዛዥ በሰው ሁሉ ፊት «ሳጅን ውባንቺ፣ መንግሥት ይህን ልብስ ያለበሰሽ ጠባቂ እንድትሆኚ ነው፣ ዋስ እንድትሆኚ ነው?» ብሏት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በዚያ ዓመት ሊደርሳት የነበረው ማዕረግም ቀረባት። ዘንድሮ ስሟ እንደገና ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ከሳሹ ደግሞ ሐጂ ጀማለዲን ናቸው፤ በምክር ቤቱ ስም ስለ እሷ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ነው ሳጅን?» አለ ኃይለልዑል እስክሪብቶውን እያንቀጫቀጨ።

«በዓይን አውቀዋለሁ» አለች። «ከዚያ በላይ ግን… ከዚያ በላይ አላውቅም።»

መርማሪው አንገቱን ነቀነቀ፣ አንድ መስመር ጻፈ፣ ፋይሉን ዘጋ። ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። ከጣቢያው ስትወጣ በእስረኛ ማቆያው በኩል አለፈች፤ ወደዚያ ግን አላየችም። ሲረጋገጥ ይለቀዋል፣ ምን ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ሐሙስን ሙሉ ሥራ አበዛች፤ ያልተጠራችበት ጠብ ውስጥ ሳይቀር ገባች። ሁለት ጊዜ ወደ ጣቢያው ልትሄድ ተነስታ ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሀምዳን መጣ። ሀምዳን የጫኝና አውራጆቹ ማህበር ሰብሳቢ ነው፤ ጠና ያለ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው። ያን ቀን ግን ቀርቦ በለሆሳስ ተናገረ።

«ሳጅን፣ የጥጋቡ እናት ትናንት ማታ አርፈዋል። ስልኩ ስለተያዘ ወደ እኔ ደወሉ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይቀብራሉ።»

ውባንቺ ቆቧን እንኳ አላነሳችም፤ ተነስታ ወደ ጣቢያው ሮጠች። ኃይለልዑል ከፍርድ ቤት ገና መመለሱ ነበር። ጥጋቡን ጠዋት አቅርቦት ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ አሥር ቀን አስፈቅዶበታል። ውባንቺ ደረጃው ላይ ይዛው እየተንተባተበች ነገረችው፤ እናቱ እውነትም ታመው እንደነበር፣ ማክሰኞ መጥቶ እንደነገራት፣ ዛሬ እንደሚቀበሩ።

ኢንስፔክተሩ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ ቀስ ብሎ «ማክሰኞ ነግሮሽ ነበር?» አለ።

«አዎ።»

«ረቡዕ ጠይቄሽ ነበር እኮ ሳጅን። እዚሁ አስቀምጬ ጠየቅሁሽ።»

ውባንቺ የያዘችውን ክንዱን ለቀቀች።

«አሁን በዳኛ ትእዛዝ ነው ያለው። ማመልከቻ ጽፌ ሰኞ ማስገባት እችላለሁ። ቀብሩ ግን…» ሰዓቱን አየና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ለጥጋቡ በእስር ቤት መርዶ አይነገረውም ብለው ሀምዳንና ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። ሰው አጠገቡ ሳይኖር፣ አቅፎ የሚያስለቅሰው ወዳጅ ሳይኖር እናትህ ሞተች አይባልም። ማመልከቻውም ሰኞ ገባ፤ መዝገቡ ለዳኛው እስኪደርስ ቀናት ሄዱ። ዳኛው ሳያየው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገሩ በሌላ በኩል ተፈታ። ሐዋሳ ያለ አንድ የሐጂ ጀማለዲን ደንበኛ ደውሎ «ያላዘዝኩት ሁለት ቦንዳ መጋረጃ ከዕቃዬ ጋር ደርሶኛል፣ ምን ላድርገው?» አለ። የሐጂ የገዛ ሱቅ ሠራተኛ ነበር በስሕተት ከሌላ ጭነት ጋር አሳፍሮ የላከው።

ጥጋቡ በዚያው ቀን ተፈታ። «አሁኑኑ ወደ አገሬ ልሂድ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች» ሲል ሀምዳን «ዛሬ መኪናው ሄዷል፣ ነገ አብረን እንሄዳለን» ብሎ ቤቱ አሳደረው። በማግስቱ ማለዳ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ውባንቺም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ያለ ዩኒፎርም ሄደች። ጥጋቡ ከእንቅልፉ ነቅቶ ያን ሁሉ ሰው በር ላይ ሲያይ ማንም ሳይናገር ገባው። መሬት ላይ ተዘረጋ። «እናቴ ሆይ፣ ሳልቀብርሽ! አፈር ሳላለብስሽ!» እያለ ደረቱን ሲመታ አራት ሰው ያዘው።

ሲደክመው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ዓይኑ ሰዎቹን እየዞረ ውባንቺ ላይ ደረሰ።

«እርስዎም መጡልኝ?» አላት። «እትዬ ውባንቺን ጠይቋቸው፣ ነግሬያቸዋለሁ ብዬ የእስር ቤቱን ጠባቂዎች ስንት ለመንኳቸው። ቢጠይቁዎት ኖሮ ይሄ አይደርስብኝም ነበር። አልጠየቁዎትማ።»

በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ውባንቺም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ተናገሪ የሚል ነገር ውስጧ ነበር፤ በለቅሶ ቤት እንዲህ አይወራም ብላ ዋጠችው። ይህ ሁለተኛው ዝምታዋ ነው። የመጀመሪያውን ዝምታዋን በፍርሃት ልታመካኝ ትችል ይሆናል፤ ይህን ግን በምን እንደምታመካኘው እስከ ዛሬ አታውቅም።

ጥጋቡ ደጀን ወርዶ መቃብሩ ላይ አልቅሶ፣ የእናቱን አርባ አውጥቶ ተመለሰ። ሐጂ ጀማለዲን መምጣቱን ሲሰሙ በእግራቸው ወደ ጫኞቹ ማረፊያ ሄዱ፤ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እግሩ ሥር ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ በድዬሃለሁ። ሳላጣራ ከሰስኩህ። አላህ እንዲምረኝ መጀመሪያ አንተ ማረኝ» አሉት። ጥጋቡ እጃቸውን ይዞ አነሳቸው። የካሳ ነገር ሲያነሱ ግን «እሱን ይተዉት ሐጂ» ብሎ አቋረጣቸው። ውባንቺ ይህን ከኮንቴይነሯ መስኮት አየችው። ሽማግሌው ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው እያየ ያደረጉትን እሷ በዝግ ቤት ለብቻው እንኳ ልታደርገው አልቻለችም።

ይቅርታው ተነገረ እንጂ ስሙ አልተመለሰለትም። ሐሜት የሰማ ሁሉ ይቅርታ አይሰማም። አዳዲሶቹ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ሊያነሳ ሲመጣ «ያ ታስሮ የነበረው ነው?» ይባባላሉ፤ ከኋላው ሰው ይሰዱበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥጋቡ ማህበሩን ተሰናብቶ እህል በረንዳ ወረደ። እዚያ ኩንታል ጤፍ ተሸካሚውን ማንነቱን የሚጠይቅ የለም፤ ሸክሙ ግን የከፋ ነው፣ ወገቡ ደግሞ ድሮም ደህና አልነበረም።

በዚያው ዓመት ውባንቺ ረዳት ኢንስፔክተር ሆነች። ማዕረጉ በተሰጠበት ቀን አዛዡ እጇን ጨብጦ «ካለፈው ተምረሻል» አላት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቤቷ ስትገባ ትከሻዋ ላይ ያለውን አዲስ ምልክት ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች።

ከሁሉ የከበዳት የጥጋቡ ሰላምታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክም ሲቀንስ ከእህል በረንዳ ተነስቶ፣ ዱቄት የለበሰ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በኮንቴይነሩ ደጅ ያልፋል። «እንዴት ሰነበቱ እትዬ ውባንቺ» ይላታል። አንድ ቀን «ለዚህ ሹመትዎ እናቴ ብትኖር ድርቆሽ ትልክልዎ ነበር» አላት። ያን ዕለት ሥራ ጥላ ወጣች።

ነገሩ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በአንድ ሐሙስ ምሳ ሰዓት፣ ውባንቺ ወደ እህል በረንዳ ሄደች። ጥጋቡ ከኩንታሎቹ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ይበላ ነበር። ሲያያት ደንግጦ ተነሳ፤ የተቀመጠበትን ማዳበሪያ በመዳፉ ጠርጎ «አረፍ ይበሉ» አላት። አልተቀመጠችም።

«ጥጋቡ፣ የምነግርህ አለኝ። አስችለህ ስማኝ። ያን ጊዜ… ጠይቀውኝ ነበር።»

«ምኑን?»

«ስለ አንተ። መርማሪው ጠርቶ ጠይቆኛል። ደህና ሰው ነው ካልሽኝ አሁን እለቀዋለሁ ብሎኝ ነበር። እኔ… በዓይን አውቀዋለሁ ብቻ አልኩት። ስለ እናትህ አልነገርኩትም። ፈራሁ። ለማዕረጌ ፈራሁ።»

ጥጋቡ የሻይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጋ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። ሰውየው ግን ከባድ ስሌት እንደያዘ ሰው ወደ መሬት ነው ያየው።

«መቼ ነው የጠየቁዎት?»

«ረቡዕ።»

«ስንት ሰዓት?»

«አራት ሰዓት ላይ።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «አምስት ሰዓት ላይ ቢለቁኝ የስድስት ሰዓቱን መኪና አገኛለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ደጀን። ከዚያ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። ረቡዕ ማታ ቤት ነበርኩ» አለ። «ያረፈችው ሐሙስ ማታ ነው። ሐሙስን ሙሉ ነፍሷ ሳይወጣ፣ ጥጋቡ መጣ ወይ ስትል ነው የዋለችው። እህቴ ናት የነገረችኝ።»

ውባንቺ ወደ እግሩ ጎንበስ አለች። «በእግዜር ይሁንብህ፣ ይቅር በለኝ።»

«ተነሱ እትዬ፣ ሰው ያያል።»

«ይቅር በለኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልዎ።»

«አንተስ?»

ጥጋቡ ወደ እሷ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንባ ግን አልነበረውም። «እኔ እንጃ» አለ። «በዚያ እስር ቤት ሌሊት ሌሊት፣ እሳቸው አያውቁም፣ ሲያውቁ ይመጣሉ እያልኩ ነበር የማድረው። እኔ እንጃ እትዬ ውባንቺ።» ያልጨረሰውን ዳቦ በላስቲክ ጠቀለለና፣ ወገቡን ይዞ ወደ ኩንታሎቹ ሄደ።

በማግስቱ ጣቢያ ሄዳ ለአዛዡም ነገረችው። አዛዡ ረጅም ጊዜ አዳመጣትና «ፋይሉ እኮ ተዘግቷል» አላት። በጽሑፍ ይያዝልኝ አለች። ይያዛል አላት፤ መያዙን ግን አላወቀችም። ከዚያ ወዲህ መርማሪ ሲጠራት የምታውቀውን ሁሉ ተናግራ፣ ጽፋ፣ ፈርማ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ተሳስታ በግምገማ ዳግመኛ ተነስቶባታል። ከሥሯ የሚመደቡ አዳዲስ ፖሊሶችም ይህን ጥንቃቄ የጎደለው ጠባይዋን በሹክሹክታ ያወሩታል።

ጥጋቡ ቅዳሜ መምጣቱን ተወ። እሷም ፈልጋው አልሄደችም፤ ይቅርታ ያልሰጠህ ሰው ደጅ መመላለስ ሌላ ጭነት መጫን ነው ብላ ተወችው። አንድ ቀን ብቻ፣ ለሥራ በእህል በረንዳ ስታልፍ፣ ከፊት ለፊቷ አንድ ተሸካሚ ኩንታል ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ መጣ። ከቁመቱ አወቀችው። እሱም ቀና ብሎ አያት፤ ማየቱን አይታለች።

«መንገድ! መንገድ!» አለ፣ ተሸካሚ ለማያውቀው ሰው እንደሚጮኸው።

ውባንቺ ግድግዳውን ተጠግታ አሳለፈችው።